ጆንያ ወጊው ለታሪኩ ከተማ ሲፈልግ

አርባ ዓመት ያህል በቡና መጋዘን ሠርቼ ጡረታ ስወጣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። ሰዓቱ በሦስተኛው ወር ቆመ። ብርድ ልብሱ ደህና ነው። ስለ ደመወዜ አልጽፍም፤ ትንሽ ነበር፣ አለቀ። የጡረታ ወረቀት ለማስጨረስ ስለተመላለስኩበትም አልጽፍም፤ የተመላለሰ ያውቀዋል፣ ያልተመላለሰም ይደርስበታል። የምጽፈው ስለ ሥራዬ ነው። ከዚያም ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ስለጀመርኩት ሌላ ሥራ፣ ማለትም ስለ ልብ ወለድ መጻፍ ነው። ሁለቱ ምን አገናኛቸው የሚል ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብ።

የጻፍኩት ታሪክ ስለ አንድ ባዕድ ሰው ነው፤ ቋንቋውም ሃይማኖቱም ከገባበት ከተማ ጋር ስለማይገጥም ሰው። ያስቸገረኝ ሰውዬው አይደለም፤ እሱን አውቀዋለሁ። ያስቸገረኝ ከተማው ነው። የት ላኑረው? ሦስት ከተማ ሞከርኩለት። አራተኛው ላይ ስደርስ፣ አሥራ ስምንት ዓመት የሸሸሁት ሰው ደጃፍ ላይ ቆሜ ተገኘሁ።

እኔ የዳውሮ ሰው ነኝ። ወደ ጅማ አገር የመጣሁት የጎጀብን ወንዝ ተሻግሬ፣ በጭዳ መንገድ፣ በጭነት መኪና ላይ ቆሜ ነው። አንድ ወቅት ቡና ለቅሜ ልመለስ ነበር ሐሳቤ። አልተመለስኩም። ያኔ ኦሮምኛ አልችልም፣ አማርኛዬ ስብርብር ያለ ነው፣ ጸሎቴ የጴንጤ ነው፣ ፊደል የሚባል ነገር አላውቅም። ጆንያ ላይ የተጻፈውን የምለየው በቀለሙና በቅርጹ ነበር፤ ክብ ያለበት ወደዚህ፣ መስቀለኛ ያለበት ወደዚያ።

የመጀመሪያው ቦታዬ አጋሮ ነው፤ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ተሸካሚ። አለቃው ስሜን ለማወቅ አልደከመም። «አንተ ዳውሮው» ይለኝ ነበር። በዓመቱ ሌላ የዳውሮ ሰው ሲቀጠር እኔ «አሮጌው ዳውሮ» ሆንኩ። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። አሥር ዓመት በጀርባዬ ተሸከምኩ። ከዚያ ያው አለቃ አሰንዳቦ በቆሎ መጋዘን ጠብቅ ብሎ ሰደደኝ፤ ሁለት ዓመት እዚያ ተቀመጥኩ። ከዚያ ወደ ጅማ፣ መርካቶ ጫፍ ላይ ወዳለው ትልቁ መጋዘን ተዛወርኩ። ሥራ የሚባለውን ነገር ያየሁት እዚያ ነው፤ ያሳዩኝም አባ ራያ ናቸው።

አባ ራያ የጅማ ልጅ ናቸው፤ አባታቸውም አያታቸውም እዚያው መርካቶ ነግደው የኖሩ። እሳቸው የመጋዘኑ ዋና ጆንያ ወጊ ነበሩ። ጆንያ ወጊ ማለት ቡናው ከመራገፉ በፊት ናሙና የሚያወጣ ሰው ነው። መውጊያው አፉ የሾለ፣ ሆዱ የተከፈተ የብረት ቱቦ ነው። ጆንያውን ወግተህ ስታዞረው ፍሬው በሆዱ ይገባል፣ ስታወጣው መዳፍህ ላይ ይፈሳል። ይኼን ማንም ይችላል። አባ ራያ የሚችሉት ሌላ ነበር።

አቅራቢ ሲመጣ «ቡናው ከየት ነው?» ብለው አይጠይቁም። «በየት መጣህ?» ነው የሚሉት። ልዩነቱ አልገባኝም ነበር፤ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ከየት ነው ብትለው የሚሸጠውን ስም ይነግርሃል» አሉኝ። «በየት መጣህ ብትለው ግን መንገዱን ነው የሚያወራው። የት ጎማ ፈነዳ፣ የት ዝናብ ያዘው፣ የት አደረ። ሰው በመንገዱ አይዋሽም፤ ስለማያስብበት። አንተ ደግሞ ጎማውን እይ። ቀይ ጭቃ ከጌራ ነው፣ ጥቁር ጭቃ ከአሰንዳቦ በኩል ነው።»

ሁለተኛው ልማዳቸው፣ ከላይ አንድ፣ ከመሐል አንድ ከወጉ በኋላ ጆንያውን አስተኝተው ከቂጡ ይወጉ ነበር። ሌላው ወጊ ሁሉ ይኼን ይዘለዋል፣ ጆንያ ማስተኛት ወገብ ይቆርጣል። እሳቸው ዕድሜያቸው ስልሳ አልፎም አይዘሉም። «ላዩን ባለቤቱ ለአንተ ያዘጋጀው ነው፤ ቂጡን ግን መሬቱ ነው ያዘጋጀው» ይላሉ። ሦስተኛው፣ አንድ ፍሬ ይነክሳሉ። ደረቅ ፍሬ ጥርስ ሥር ይሰነጠቃል፤ እርጥብ ፍሬ የጥርስህን ምልክት ይዞ ይቀራል። አራተኛው፣ ዓርብ ሽቶ የሚቀቡት ሥራ ጨርሰው ለጁምዓ ሲወጡ ብቻ ነው። የተቀባ ሰው ወደ ናሙናው ሲጠጋ በመውጊያው ይመልሱታል። አንድ ጊዜ አለቃችንን ራሱን መልሰውታል።

እኔን ከተሸካሚነት አውጥተው ወጊ አደረጉኝ። ለምን እኔን መረጡ ብዬ አልጠይቅም፤ ጎበዝ ነበርኩ። ችግሩ ወረቀቱ ነው። ለእያንዳንዱ ጭነት አንድ ወረቀት አለ፣ ከሥሩ የወጋው ሰው ይፈርማል። እኔ መፈረም አልችልም፤ አውራ ጣት ደግሞ አለቃው አይቀበልም። ስለዚህ እኔ የወጋሁትን አባ ራያ ይፈርሙልኝ ነበር። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች ፊርማ ነበረቻቸው። «ማቴዎስ፣ ደህና ነው?» ይላሉ። «ደህና ነው» እላለሁ። ይጠቀልሏታል። ዓመታት እንዲህ ሄድን።

አሁን ወደማልወደው ደረስኩ።

አንድ ክረምት ጳውሎስ የሚባል ሰው ሠላሳ ጆንያ ይዞ መጣ። የመንደሬ ሰው ነው፤ አብረን ለቅመናል፣ እሱ ግን ተነሥቶ ትንሽ አቅራቢ ሆኗል። ከመኪናው ወርዶ በቋንቋችን ሰላም አለኝ። በዚያ መጋዘን ውስጥ አሥር ዓመት ሙሉ ያን ቋንቋ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። ተሸካሚዎቹ ሁሉ ዞረው አዩን። ደረቴ ተነፋ፤ ውሸት አልጽፍም። አሮጌው ዳውሮ የሚባለው ሰውዬ ዛሬ የራሱን ሰው ቡና ሊቀበል ነው።

ከላይ ወጋሁ። ከመሐል ወጋሁ። ያማረ ነበር። ጆንያውን ላስተኛ ስል ጳውሎስ ትከሻዬን ያዘኝ።

«እኔንም?» አለኝ፤ በቋንቋችን።

ተውኩት። በየት መጣህ ብዬም አልጠየቅሁትም። ጎማውን ሳየው እስከ መሐሉ ጭቃ ለብሶ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ላይ ቆሞ ያደረ መኪና ነው። አባ ራያ ለዙህር ሶላት ወጥተው ነበር። ሲመለሱ «ደህና ነው?» አሉ። «ደህና ነው» አልኩ። ጠቀለሏት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ክምሩ መሐል ሙቀት ተነሣ። መጀመሪያ ሽታው ነው የሚመጣው፣ እንደ እርጥብ ጨርቅ። ስናፈርሰው የጳውሎስ ጆንያዎች ከታች ነጭ ሻጋታ ለብሰው ሌላውንም አስይዘውታል። የክምሩ ግማሽ ተበላሸ። አለቃው ወረቀቱን አስመጣ። ከሥሩ ያለችው ቀንድ አውጣ ናት።

«ያንተ ፊርማ ናት?» አላቸው፤ በዕድሜ አባቱ የሚሆኑትን ሰው።

«የኔ ናት» አሉ አባ ራያ።

እኔ አምስት እርምጃ ርቀት ላይ መውጊያ ይዤ ቆሜያለሁ። እሳቸው ወደ እኔ አላዩም። እኔ መሬት አየሁ። በዚያው ሳምንት ከሥራ ወጡ። የዳውሮ ሰው አጭበረበረ እንዳይባል ነው ዝም ያልኩት ብዬ ለራሴ ስነግረው ኖርኩ። ውሸት ነው። ፈርቼ ነው።

ጳውሎስ ዳግመኛ በመጋዘናችን በር አላለፈም። እኔም በአባ ራያ በር አላለፍኩም። ልጃቸው በቤታቸው ግንባር የክርና የአዝራር ሱቅ አላት፤ እሳቸው ከዚያች ሱቅ ፊት በርጩማ ላይ መዋል ጀመሩ። ሱቋ ያለችው ከመርካቶ ወደ ቤቴ በሚወስደው ቀጥታ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ መንገዱን ተውኩት። በአዌቱ ወንዝ ዳር ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ሚስቴ ለምን ታመሻለህ ስትለኝ በቀጥታው ጭቃ በዛ አልኳት። ጭቃ በክረምት፣ ጭቃ በበጋ።

ፊደል የቆጠርኩት በዓመቱ ነው፤ አርባ ሦስት ዓመቴ ላይ። ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ማታ ማታ መሠረተ ትምህርት ነበር፣ በልጆች አግዳሚ ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ። ሌሎቹ መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ነው የመጡት። እኔ ሁለተኛ ማንም እንዳይፈርምልኝ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በአባ ራያ ቦታ ዋና ወጊ ሆንኩ። በራሴ እጅ ፈረምኩ። ፊርማው ያምራል፤ ደስ አላለኝም።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቀኑ ረዘመ። ቤተ መጻሕፍት መዋል ጀመርኩ። እዚያ ለይላ የምትባል ወጣት መምህርት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የንባብ ክበብ ትመራለች። አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፣ ግማሹ ወሬያቸው አይገባኝም። አንድ ቅዳሜ ሁላችሁም አንድ አንድ ታሪክ ጻፉ አለች። «እርስዎም ጋሽ ማቴዎስ።» እኔም ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ጽሑፌ አዲስ አበባ ላይ ነበር። አንድ ከደቡብ የመጣ ምስኪን ተሸካሚ፣ ክፉ የከተማ ሽማግሌ በሐሰት ከሶት ከሥራ ያስወጣዋል። ለይላ አንብባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቂ።»

«ሰውዬው ከአውቶቡስ ወረደ ይላል። ቀጥሎ መጋዘን ውስጥ ነው። በምን ሄደ?»

«በእግሩ ነዋ።»

«በየት በኩል?»

ወረቀቱን ወደ እኔ ስቤ ፈለግሁት።

«ዳገት ነው ቁልቁለት? ማንን መንገድ ጠየቀ? በምን ቋንቋ? ስንቱ ሳቀበት?»

«ይኼ ሁሉ ምን ያደርጋል? ታሪኩ እኮ ስለ ግፍ ነው።»

«ግፉማ አለ። እግሩን ነው ያጣሁት» አለች። «አዲስ አበባ ስንቴ ሄደዋል?»

«ሁለቴ። አንዴ ለሐኪም፣ አንዴ ለለቅሶ።»

«ታዲያ ለምን እዚያ ወሰዱት?»

«ልብ ወለድ ውስጥ ሰው ሁሉ የሚሰቃየው እዚያ ስለሆነ።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ተናድጄ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ። ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ጭነት አንሥታ የማታውቅ፣ እግር ጎደለህ ትለኛለች። በወንዙ ዳር ዞሬ ቤቴ እስክደርስ ግን ንዴቱ ወጣልኝና የቀረው ጥያቄዋ ብቻ ሆነ። በየት በኩል? ያን ጥያቄ ከማን እንደሰማሁት ስለማውቅ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሰውዬዬን ወደ አጋሮ አመጣሁት። እዚያማ እግሩን አውቃለሁ፤ ከመፈልፈያው እስከ ገበያው ያለውን ድንጋይ ሁሉ። ሁለት ምዕራፍ ሄድኩና ተሰናከልኩ። ታሪኬ ውስጥ ሰውዬው የሚደብቀው ነገር አለ፤ አጋሮ ደግሞ አያስደብቅም። እኔ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ሻይ ሻጯ የሙስሊም ሥጋ እንደማልበላ አውቃ ባቄላ ለብቻ ታስቀምጥልኝ ነበር። በሳምንቱ የት እንደምጸልይ፣ በወሩ እናቴ መሞቷን አወቁ። ትንሽ ከተማ ባዕድን ይይዘዋል እንጂ አይተወውም። ይስቅበታል፣ ያበላዋል፣ ያማዋል። እዚያ ውስጥ ብቻውን የሚሆን ሰው ብጽፍ ሻይ ሻጯን መግደል ሊኖርብኝ ነው።

ቀጥሎ አሰንዳቦ። አሰንዳቦ መንገድ ላይ የተቀመጠ ከተማ ነው፤ መኪናው ይቆማል፣ ሰው ይበላል፣ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ስኖር ማንም «ከየት ነህ?» ብሎኝ አያውቅም። «ወዴት ነህ?» ነው የሚሉህ። ሁሉም መንገደኛ በሆነበት ባዕድ የሚባል ሰው የለም። ሰውዬዬ እዚያ ተመቸው። የተመቸው ሰው ታሪክ የለውም፤ ቀደድኩት።

እንግዲህ የቀረው ጅማ ነው። ቀድሞውኑ ጅማ እንደሆነ አውቅ ነበር ብል ብልህ እመስላለሁ፤ አላውቅም ነበር። ወይም አውቄ ዞሬ ነበር የምሄደው።

አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ ደብተር ይዤ መርካቶ ገባሁ። እንደ ሥራዬ አደረግሁት። መጀመሪያ ላዩን፤ ትልቁን መንገድ፣ ሆቴሎቹን፣ ፎቶ የሚነሡበትን። ያን እንግዳ ሁሉ ያየዋል። ከዚያ መሐሉን፤ ጨርቃ ጨርቅ ተራን፣ እህል ተራን፣ ጫት ተራን፣ የባጃጁን ጩኸት። ያንንም ገዢ ሁሉ ያየዋል። ከዚያ ጆንያውን አስተኛሁት። ከጀርባ ወዳለው፣ ጋሪ ወደሚጠገንበት፣ የተቀደደ ጆንያ ወደሚሰፋበት መንደር ገባሁ። እዚያ ሁለት ጆንያ ሰፊዎች ሲጨቃጨቁ ሰማሁ፤ ቁጥሩ በኦሮምኛ፣ ስድቡ በአማርኛ፣ መሐላው በአረብኛ። ጥግ ላይ አንድ እንደ እኔ ከጎጀብ ማዶ የመጣ ጎልማሳ አለ። ስድቡ ላይ ይስቃል፣ ቁጥሩ ላይ ያጎነብሳል፣ መሐላው ላይ ዝም ይላል። ይኼ ነው አልኩ። ሰውዬዬ እዚህ ነው የሚኖረው።

ለባዕድ ሰው ታሪክ ከተማ የምትመርጡ ካላችሁ፣ እኔ ያገኘሁት ይኼን ነው። ከተማው ሰውዬውን ችላ ለማለት የሚበቃ ስፋት ይኑረው፤ ሲፈልገውም የሚያገኝበት ጥበት ይኑረው። ስለ ከተማው ስም አትጨነቁ፤ በየት እንደገባ እወቁ። በገባበት በር ነው ከተማውን ዕድሜ ልኩን የሚያየው። እኔ ጅማን እስከ ዛሬ የማየው ከጭዳ መንገድ ነው።

ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር መጣ። ታሪኩን ጅማ ላይ ስጽፈው ውሸቱ አልያዝ አለ። ክፉውን ሽማግሌ በዚያ መጋዘን በር አስገባዋለሁ፤ ሲገባ አባ ራያ ይሆናል። ጆንያውን አስተኝቶ ይወጋል፣ ፍሬ ይነክሳል፣ ሽቶ የተቀባውን ይመልሳል። አዲስ አበባ ላይ ክፉ ነበር፤ እዚህ እንቢ አለኝ። ሩቅ ከተማ የመረጥኩት ለዚህ ነበር፤ ባልረገጥኩት መንገድ ላይ እንደፈለግሁ ለመዋሸት። ስለዚህ እንደነበረው ጻፍኩት። ከላይ ወጋ፣ ከመሐል ወጋ፣ «እኔንም?» አለው፣ ተወው።

ለይላ አነበበችው። «ሽማግሌው በሕይወት አሉ?» አለችኝ።

«አሉ። እዚሁ መርካቶ።»

«ቅዳሜ ለክበቡ ሊያነቡት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«ከሌላ ሰው ባይሰሙት ይሻላል፣ ጋሼ።»

ይኼን ለማወቅ መምህርት መሆን አያስፈልግም። ጅማ ናት። ቅዳሜ ያነበብኩት እሑድ ሱቋ ጋ ይደርሳል። ወይ ታሪኩን ማቃጠል ነው፣ ወይ መሄድ።

ዓርብ ጠዋት ሄድኩ። ተቀምጠው ነበር፣ በርጩማቸው ላይ፣ ከክር ሱቋ ፊት። ሰማንያ አልፈዋል። ዓይናቸው ላይ ነጭ ነገር ወርዷል። አጠገባቸው ስቆም ቀና አሉ።

«እንዴት አደሩ፣ አባ ራያ?»

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። ድምፄን እየመዘኑ ነበር።

«በየት መጣህ?» አሉኝ።

«በጨርቃ ጨርቅ ተራ በኩል።»

«ቀጥታ?»

«ቀጥታ።»

«ማሻአላህ። ወንዙ ሞልቶ ነው?»

«ያውቁ ነበር?»

«ማሎ፣ ኧረ እባክህ፣ ያኔ እኮ ዓይኔ ደህና ነበር። ትመጣለህ፣ ታየኛለህ፣ ወደ አዌቱ ትታጠፋለህ። ይኼ ዳውሮ ወንዝ ዳር ሁለተኛ ሚስት አገባ እንዴ እያልኩ ለልጄ አወራ ነበር።»

ልጃቸው ከውስጥ «እውነቱን ነው፣ ሁሌ ነው የሚለው» አለች። ወንበር አመጣችልኝ። ተቀመጥኩ። የጻፍኩት ነገር እንዳለ ነገርኳቸው፤ ስለሳቸው እንደሆነ፣ ስለ ጳውሎስ ጆንያ እንደሆነ። «አንብበው» አሉ። አነበብኩ። ፊደል እንዳወቅሁ ሰሞን እንኳን እንደዚያን ቀን ተንተባትቤ አላውቅም። ጆንያው ሳይተኛ የቀረበት ላይ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አላቋረጡኝም።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ውሸት አለበት» አሉ።

«የቱ?»

«ሽማግሌው ምንም ሳይናገር ወጣ ብለሃል። ማን ነው ምንም ሳይናገር የወጣው? ሦስት ወር ረግሜሃለሁ፣ ወላሂ። ሱጁድ ላይ፣ ግንባሬ መሬት ነክቶ ሳይቀር። ያን ጻፈው። እንዲህ አድርገህ መልአክ አስመስለኸኝ ልጄ ብትሰማህ ትስቅብሃለች።»

«ስቄያለሁ» አለች ልጃቸው ከውስጥ።

ከዚያ አሥራ ስምንት ዓመት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ጠየቅሁ። «ለአለቃው ለምን አልነገሩብኝም?»

«ምን ብዬ? የወጋው እሱ ነው፣ እኔ ሳላይ ፈረምኩ ብዬ?» በርጩማቸው ላይ ተመቻቹ። «አንተ ሳትወጋ ደህና ነው አልክ። እኔ ሳልወጋ ፈረምኩ። የቱ እንደሚብስ እስከ ዛሬ አስቤ አልጨረስኩም።»

አንድ ጋሪ አለፈ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ልጃቸው እንዳትሰማ ይመስለኛል፣ እንዲህ አሉኝ።

«አንድ ሌላ ነገር ጎድሎታል። አንተም አታውቀውም። አሥር ዓመት አብረን ሠራን። ስምህን መጻፍ በአንድ ሳምንት ላስተምርህ እችል ነበር። አላስተማርኩህም። ወረቀት ይዘህ ወደ እኔ ስትመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይኼ ጎበዝ ሰው እኔን ይፈልጋል እያልኩ። ያንንም ጻፈው።»

መራራ ሰው ነኝ፤ ሚስቴም ትለዋለች፣ ለይላም ሳትለው አትቀርም። ይቅር ተባባልን ብዬ የምጽፍ ሰው አይደለሁም፤ ማንም ይቅር የሚል ቃል አላወጣም። ግን ከዚያ ወንበር ስነሣ ከትከሻዬ ላይ የሆነ ነገር ወርዶ ነበር። አሥር ዓመት ጆንያ የተሸከመ ሰው ሲራገፍለት ምን እንደሚሰማው ያውቃል፤ መጀመሪያ ቅለቱ አይደለም የሚሰማህ፣ ሚዛንህን ነው የምትስተው። ስንገዳገድ ልጃቸው «ቀስ» አለችኝ።

ቅዳሜ አባ ራያ መጡ፤ ልጃቸው ክንዳቸውን ይዛ። ሌሊቱን ሁለቱንም ጨምሬበት ነበር፤ እርግማኑንም፣ ያልተማርኩትን ፊርማም። ተማሪዎቹ ስልካቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። አባ ራያ ሁለት ጊዜ አቋረጡኝ። አንዱ የመጋዘኑን በር ወደ ወንዙ አዙሬው ስለነበር ነው።

«በሩ ወደ መንገዱ ነው» አሉ ጮክ ብለው። «ወንዝ ከጭንቅላቱ አልወጣ ብሎ ነው።»

ተማሪዎቹ ምን እንዳሳቃቸው ሳያውቁ ሳቁ። ለይላ ግን ወደ እኔ አየች። እኔም ሳቅሁ።

ሲያልቅ ሸኘኋቸው። በጨርቃ ጨርቅ ተራ፣ በእህል ተራ ጫፍ፣ ቀስ እያልን። ሱቋ ፊት በርጩማው ላይ አስቀመጥኳቸውና በዚያው ቀጥ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። መንገዱ እንዲህ አጭር መሆኑን ረስቼው ነበር።

ሚስቴ በር ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። ፀሐይዋን አየች፣ እኔን አየች።

«ዛሬ ቶሎ ደረስክ።»

«በቀጥታው መጣሁ።»

ጎመኗን መቀንጠሷን አላቆመችም። «ጭቃው ደረቀ እንዴ?» አለችኝ።

«ደረቀ» አልኳት።